ቅዳሜ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ በር ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ። ጥያቄዬ ደሴ ላላችሁትም ኮምቦልቻ ላላችሁትም ነው።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ቁልቁለቱ ላይ ኳስ ሲጫወት ኳሷ አመለጠችው፤ ተከትሏት ሲሮጥ ባጃጅ ገጨው። እግሩ ተሰብሮ ሁለት ወር በጀሶ ከረመ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ይሮጣል። እስካሁን የሚያንገበግበኝ አደጋው የደረሰበት ቦታ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ግንብ፣ የመረብ ኳስ መጫወቻው ቋሚዎች ሳይቀሩ የተተከሉ ናቸው። ቀኑ ቅዳሜ ነበርና በሩ ተቆልፏል። ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ ሜዳውን እያዩ አስፋልት ላይ ይጫወቱ ነበር።

ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከጦሳ ግርጌ እስከ ቦርከና ድረስ ሜዳ የሚባል ነገር በጣት ይቆጠራል። ያለውም ለጥ ያለ መሬት አብዛኛው በአጥር ውስጥ ነው። የትምህርት ቤቱ ግቢ የትምህርት መምሪያ ነው፤ ፊሽካውና ውድድሩ የስፖርት ጽሕፈት ቤት፤ የወጣት ማዕከሉ የወጣቶች፤ ክፍት ቦታው የማዘጋጃ ቤት፤ ቧንቧው የውሃና ፍሳሽ። ሁሉም የየራሱን አጥሮ ይጠብቃል። ልጆቹ ግን የማንም መሥሪያ ቤት አይደሉም።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ቅዳሜና እሑድ በዓመት 104 ቀን ነው፤ ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜ ሲጨመሩ 65 ቀን፤ ድምሩ 169 ቀን። ይህን ሁሉ ቀን ሜዳው ባዶውን ያድራል ማለት ነው።

እነዚህ መሥሪያ ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ከበው ቅዳሜ ማን እንደሚከፍት፣ ለጥበቃው ማን እንደሚከፍል፣ የተሰበረውን ማን እንደሚጠግን በወረቀት ሲፈራረሙ ያያችሁ አላችሁ? ካላችሁ እንዴት ሆነ?

(ክሩ እየረዘመ ስለሄደ፣ ዘግይታችሁ ለምትገቡ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አሳጥሬ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። ሐሳባችሁን ያጎደልኩባችሁ ካላችሁ አርሙኝ።)

ምላሽ 1

የሳላይሽ ሰፈር እናት ናት። ለልጄ ዱአ አደረገችልኝ፣ አላህ ያክብራት። የእሷ ልጆች ኳሱን ከተዉት ቆይተዋል፤ ከትምህርት መልስ የሚገኙት ጆተኒ ቤት ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ከቤቱ በስተጀርባ ጫት ይቃማል፤ እሷም እያወቀች ልጆቿን የምትወስድበት ሌላ ቦታ እንደሌላት ጻፈች።

ምላሽ 2

አስተማሪ ነው፤ ትሕትናው ደስ ይላል። በሩ የሚቆለፈው በክፋት አለመሆኑን አስረዳኝ። የትምህርት ቤት ዕቃ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በሰው ስም ይመዘገባል። አንድ ወንበር ቢጎድል የፈረመው ሰው ይጠየቅበታል፤ ዝውውር ሲመጣለት ክሊራንስ አያገኝም። ርዕሰ መምህሩ በሩን ቢከፍት የሚያመሰግነው የለም፤ አንድ መስኮት ቢሰበር ግን ደብዳቤ ይደርሰዋል። ጥበቃውም ደመወዙ የተቆረጠለት ንብረት እንዲጠብቅ እንጂ ሃምሳ ልጅ እንዲቆጣጠር አይደለም። እንደ እሱ አነጋገር ክልከላ የጻፈ ሰው የለም፤ የፈቀደም የለም፤ በመሐል በሩ ተቆልፎ ይኖራል። ክሩ ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔን የገለጠልኝ ይህ ምላሽ ነው።

ምላሽ 3

ሒሳቤን አረመኝ። በክረምቱ 65 ቀን ውስጥ 18 ያህል ቅዳሜና እሑድ ስላሉ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ትክክለኛው ወደ 151 ቀን ነው። በክረምትም ቢሆን ፈተናና ምዝገባ ስለሚኖር ግቢው ሁልጊዜ ባዶ እንዳልሆነ ጨመረበት። ተቀብያለሁ፤ ስህተቱ የእኔ ነው። 151 ቀንም ቢሆን ከዓመቱ ከአሥር ቀን አራቱ ነው።

ምላሽ 4

ኮምቦልቻ የሚኖር ወንድማችን ነው፤ ጉዳዩን ከኳስ አወጣልን። እነሱ ዘንድ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በፋብሪካ ተቀጥረዋል። አንድ ክፍል ተከራይተው ሦስት አራት ሆነው ያድራሉ። በዕረፍት ቀናቸው ከዚያች ክፍል ወጥተው የሚቀመጡበት ቦታ የላቸውም፤ ሻይ ቤት ለመቀመጥ ብር ይጠይቃል፣ መንገድ ዳር ለመቆም ለከፋ አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ሙቀቷም ሌላ ነው፤ ቀትር ላይ ጥላ የሌለው ሜዳ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ስምምነት ሲጻፍ ኳስ ሜዳ ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ ለመነ። ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ውሃና መጸዳጃ ቤት ያለው ግቢ ከተከፈተ ሰው በራሱ ጊዜ መጫወቻውን ያገኛል ነው የሚለው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ስላለው እሱም ውይይቱ ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ።

ምላሽ 5 እና 6

ከዚህ ላይ ወሬው ደሴ ይሻላል ኮምቦልቻ ይሻላል ወደሚል ዞረ። አንዱ የደሴ ብርድ ኳስ ተጫዋች ያጠነክራል አለ፤ ሌላው ኮምቦልቻ የሠራተኛ ከተማ ስለሆነች መዝናኛ ይገባታል ብሎ መለሰ። አልፌዋለሁ።

ምላሽ 7

ይህኛው ኮስተር ያለ ነው። ጸሐፊው ቀድሞ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነበር። እነሱ በሩን ከፍተው አይተውታል፤ አንድ ክረምት ሙሉ። የመማሪያ ክፍል መስታወት ተሰበረ፤ ቧንቧው ተከፍቶ አደረ፤ ሰኞ ጠዋት ሕፃናቱ ግቢው ውስጥ ገራባና የሲጋራ ቁራጭ ሲለቅሙ ተገኙ። መስታወቱን ያስጠገነ መሥሪያ ቤት አልተገኘም፤ ወላጆች አዋጥተው አስገቡት። ውድድር አዘጋጅቶ ፎቶ የተነሣው አካል ጥገናው ሲነሣ ስልክ አላነሣም። እኔን ደግሞ ችግሩን ሳልቀምስ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የምጽፍ ሰው አድርጎ ወቀሰኝ። ልጄን ስላላነሣብኝ አልተቀየምኩም። ያየውን ነው የጻፈው፤ ለዚህም አከብረዋለሁ።

ምላሽ 8

ለ7 የተሰጠ ምላሽ ነው፤ በቁጣ። ለአሥር መስታወት ሲባል አንድ ሰፈር ሕዝብ እንዴት ይታጠራል ብሎ ጀመረና ወደ ስድብ ገባ። 7ም መለሰለት። ሁለቱ ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ የመድረኩ አስተናጋጅ አብሽሩ ብሎ ገላገላቸው፤ ስድቦቹም ተሰረዙ። ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ የቀረችልኝ አንዲት ነጥብ ናት፦ የ7 ትምህርት ቤት የተጎዳው በሩ ስለተከፈተ ሳይሆን ያለ ውል ስለተከፈተ ነው። 8 ይህን ያለው በቁጣ ቢሆንም እውነት ነው።

ምላሽ 9

የሕግ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ነው። ርዕሰ መምህራን የሚፈሩት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅሶ አሳየ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ እንዲክስ ያዛል፤ በአንቀጽ 2077 ደግሞ ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ግንብ ቢናድና ልጅ ቢጎዳ ጥያቄው ወደ ግቢው ባለቤት ይሄዳል ማለት ነው። መፍትሔውን ግን በመቆለፍ አላየውም። የጋራ አጠቃቀሙ ስምምነት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፣ ከመከፈቱ በፊት ግቢውን ማን ዞሮ እንደሚያይ፣ ጉዳት ቢደርስ ወጪው ከየትኛው መሥሪያ ቤት በጀት እንደሚወጣ በግልጽ ቢያሰፍር ርዕሰ መምህሩ ብቻውን ከመቆም ይድናል። የቃል ፈቃድ ለማንም አይበጅም አለ፤ ለከፋቹም ለተጫዋቹም።

ምላሽ 10

ይህን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ቆምኩ። የጻፈችው ደሴ የምትኖር እህት ናት። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ወደ ከተማችን ሲገቡ የሆነውን አስታወሰችን። ያኔ የትምህርት ቤቶቹን በር ለመክፈት ማንም ሞዴል 22 አልጠየቀም። የመማሪያ ክፍሎች በአንድ ቀን መኝታ ሆኑ። ውሃ በቦቴ መጣ፣ ጤና ባለሙያዎች ግቢው ውስጥ ቆመው ሰው አዩ፣ የሰፈር ሴቶች ድስትና እንጀራ ተሸክመው ገቡ፣ ወጣቶች ሌሊት ጥበቃ አደሩ። እሷ ራሷ ሦስት ሳምንት ወጥ ስትሠራ ከርማለች። መሥሪያ ቤቶቹ አብረው መሥራት አይችሉም የሚለውን ስትሰማ ያን ክረምት ታስባለች። ሲችሉ በዓይኗ አይታለች።

ምላሽ 11

በ10 ያልተስማማ መምህር ነው፤ ቃሉ ጠንከር ያለ ነው። የጭንቅ ቀን ሥራ የዘወትር ሥርዓት አይሆንም ባይ ነው። ጥቅምት 2014 ከተማዋ ተያዘች፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስትለቀቅ ተመልሰው ያገኙት የተዘረፈና የተሰባበረ ነገር ነበር። እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪው ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በልመናና በመዋጮ አንድ በአንድ ያሰባሰቡትን ዕቃ ዘግተው ቢጠብቁ ሊፈረድባቸው አይገባም። ሜዳውን መክፈት ሌላ፣ ሕንፃውን መክፈት ሌላ መሆኑን፣ በመሐላቸው የሽቦ አጥር ካልገባ የእሱ ትምህርት ቤት እንደማይስማማ ጻፈ። 10 መልሳ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም አመሰገናት። ሁለቱም የተሸከሙት ያው አንድ ዓመት ነው።

ምላሽ 12

አባታችን ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል፤ የቅሬ ሰብሳቢ ናቸው። (ከሌላ አገር ሆናችሁ ለምታነቡ፣ እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለው እናንተ ዕድር የምትሉትን ነው።) ረጅም ጻፉ፤ እኔም ላሳጥርባቸው አልደፍርም።

የጋራ ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያሻም አሉ። የእሳቸው ቅሬ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት፣ ብርጭቆና ጀበና አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚያው ድንኳን ለቅሶ ይቀመጣል። ዕቃው ሲወጣ በመዝገብ ተቆጥሮ ይወጣል፤ ሲመለስ ተቆጥሮ ይገባል። የጎደለው ብርጭቆ ለወሰደው ሰው ይነገረዋል፤ ይተካል፤ አለቀ። የዕቃ ቤቱ በር ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በንብረት ያዡ፣ ሌላው በእሳቸው እጅ። አንዱ ብቻውን አይከፍትም። በዚህ ዓይነት ስንት ዓመት ሲኖሩ ድንኳኑ አልጠፋም።

ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ። ጥበቃው ልጆቹን አያውቃቸውም፤ መስታወት የሰበረው ልጅ አጥር ዘሎ ከሄደ ሄደ። ቅሬው ግን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። አባቱ በወሩ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል፤ በሰው ፊት ይነገረዋል። ስለዚህ ወረቀቱ በትምህርት መምሪያና በስፖርት ጽሕፈት ቤት መካከል ብቻ ከተፈረመ ይሰንፋል፤ ሦስተኛ ፈራሚ የሰፈሩ ቅሬ ይሁን አሉ። ለሜዳው በርም ሁለት ቁልፍ፦ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በቅሬው። ሲከፈት የትምህርት ቤቱ ሰውና የቅሬው ሰው አብረው ግቢውን ዞረው ያዩና ይፈርማሉ፤ ሲዘጋም እንደዚያው።

ሜዳ ነበር ጥያቄዬ፤ መልሱ ከእናቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተነሣልኝ። ያን መዝገብ በእጄ ይዤ ብርጭቆ ቆጥሬ አስረክቤያለሁ፤ አንድም ቀን ከሜዳው ጋር አላገናኘሁትም ነበር።

ምላሽ 13

የልጆች አሠልጣኝ ነው፤ የተናገረው ሁሉ በሜትር ነው። ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ ይህን ደሴ ውስጥ በየሰፈሩ መመኘት ጊዜ ማባከን ነው። ለእጅ ኳስም ለፉትሳልም የሚሆነው 40 በ20 ግን 800 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። መረብ ኳስ በ18 በ9፣ ቅርጫት ኳስ በ28 በ15 ይበቃል። እነዚህን በተለያየ ቀለም አስምሮ አንዱን በሌላው ላይ መደራረብ ይቻላል። አንድ ነገር ግን አጥብቆ አስጠነቀቀ፦ መሬት ውስጥ በደንብ ያልተተከለ የብረት ጎል ልጅ ሲንጠለጠልበት ይወድቃል፤ ልጅም ይገድላል። በሩ ከመከፈቱ በፊት ጎሉ ይታይ፤ 9 ዞሮ ማየት ያለው ይህን እንደሆነ አመለከተ።

ምላሽ 14

ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት። እስከ እሷ ድረስ ስለ ሴት ልጅ ያነሣው ምላሽ 4 ብቻ መሆኑን ቆጥራ ነገረችን፤ አፈርኩ። ሜዳ ሲከፈት ቀድሞ የሚሞላው ወንድ ነው። ሴቶቹ ጥግ ይዘው ይቆማሉ፣ ከዚያ ይቀራሉ። ሒጃብ የምትለብስ ጓደኛዋ መረብ ኳስ በጣም ትወዳለች፤ ግን በሰው ዓይን ፊት መጫወት አትፈልግም። ግንብ አጥር ያለው የትምህርት ቤት ግቢ ለዚህ ከየትኛውም ክፍት ሜዳ ይሻላል። ስለዚህ ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት፣ ሴት አስተባባሪ፣ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤትና ውሃ በስምምነቱ ላይ በስም ይጻፍ አለች።

የቅሬውንም ሐሳብ በአክብሮት ጠየቀችው። ቅሬ የቤት ባለቤቶችና የአባቶች ነው፤ ተከራዮች፣ ከገጠር የመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች አባል አይደሉም። በሩ በቅሬው አባል ልጅ ስም የሚከፈት ከሆነ እነዚያ ሴቶች ዳግም ውጭ መቅረታቸው ነው። አባታችን (12) ያልታሰበ ነገር መሆኑን አምነው መዝገቡ አባልነትን ሳይሆን የሚያድሩበትን ሰፈር እንዲጠይቅ ሐሳባቸውን አሻሻሉ።

ምላሽ 15

የፉትሳል ጫማ ቁጥር 41 የሚሸጥ ጠየቀ። ሌላ ክር ላይ እንዲጠይቅ ተነገረው።

ምላሽ 16

የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የውስጡን አሠራር ነገረን። የስፖርት ጽሕፈት ቤት ለትምህርት ቤት ጥበቃ የትርፍ ሰዓት በቀጥታ መክፈል አይችልም፤ የሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ኦዲተር ይጠይቃል። ባለቤትነቱም ከላይ ጀምሮ የተከፋፈለ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 በፌዴራል ደረጃ ስፖርቱ ከባህል ጋር፣ ወጣቶች ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጋር ሆነዋል። ስለዚህ አንዱ ቢሮ ብቻውን ይጨርሰዋል ብላችሁ አትጠብቁ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ከዚያ አስቀድሞ በዕቅድ ካልገባ ዓመቱን ሙሉ ደብዳቤ ማመላለስ ነው። የሚያዋጣው አንድ ትምህርት ቤት መርጦ ለሦስት ወር መሞከር፣ የጥበቃውን ትርፍ ሰዓት በትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ በደረሰኝ አስገብቶ መክፈል፣ ውጤቱን ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማቅረብ ነው አለ።

ምላሽ 17

ሁሉንም ነገር አጣጣለው። ማንም አይፈርምም፤ ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግቢውን ለሱቅ ያከራዩታል አለ። እኔም እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና ጠንከር ያለ መልስ ሰጠሁት፤ የልጄን እግር ያየ ሰው ይህ ወሬ ነው ሊለኝ አይችልም አልኩት። ኋላ ሳነበው ድምፄ ከፍ ብሏል። ወንድሜ፣ ለአነጋገሬ ይቅርታ፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም። የኪራዩ ሥጋት እውነተኛ ስለሆነ ግቢው በስምምነቱ ዘመን ለንግድ እንደማይከራይ የሚል አንቀጽ በጀመርኩት የስምምነት ረቂቅ ውስጥ ገብቷል።

ምላሽ 18

የመጀመሪያው አስተማሪ (2) ተመለሰ። ክሩን ለርዕሰ መምህሩ በስልኩ አሳይቶታል። ርዕሰ መምህሩ እሺም እንቢም አላለም፤ የተጻፈ ነገር አምጡልኝ አለው። ሦስት ነገር ግን ጠይቋል፦ የመማሪያ ክፍሎቹን ከሜዳው የሚለይ የሽቦ አጥር፣ የጥበቃው ክፍያ፣ ከጎሉ ጀምሮ ሁሉን ዞሮ የሚያይ ሰው።

ምላሽ 19

7 ነው። ባልጠበቅኩት ሰው ተደሰትኩ። ያኔ መስታወት ያስገቡበትን የመዋጮ መዝገብና የተሰበሩትን ዕቃዎች ዝርዝር እስካሁን አስቀምጦታል፤ ረቂቁ ላይ ምን ምን እንደሚጎዳ ለመተመን ይጠቅማል ብሎ አቀረበልን። ከ8 ጋርም ታርቀዋል። 8 ብየዳ ያውቃል፤ የሽቦ አጥሩን ቋሚዎች ያለ እጅ ዋጋ እበይዳለሁ ብሏል።

እዚህ ላይ እኔ። ረቂቁን ጀምሬያለሁ፤ ሁለት ገጽ ሆኗል። ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 እስከ 12፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፤ የእሑዱ የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት ለሴቶች ብቻ። ዓርብ ከጁምዓ ጋር ስለሚጋጭ አላስገባሁትም። በረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ይከፈት የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደርሶኛል፤ መብራት ስለሚያስፈልገው ለጊዜው በእርሳስ ጽፌዋለሁ። ያልቋጨሁት አንድ ነገር አለ፦ ሁለተኛው ቁልፍ በቅሬው ሰብሳቢ ቤት ይደር ወይስ በሴት አስተባባሪዋ። 12 እና 14 ሁለታችሁም ተነጋግራችሁ ብትነግሩኝ እመርጣለሁ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንገናኛለን። ቁልፉ ገና ስላልመጣ ውጭ ቆመን ነው የምንነጋገረው፤ ንፋስ አለና ጋቢ ያዙ። 7፣ መዝገቡን እንዳትረሳ።